በሂሳቡ ላይ የተጨመረችው እናቴ

የእናቴን መርዶ የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። በአንድ እጄ የሩዝ ሰሃን፣ በሌላው የውኃ ጆግ ይዤ፣ ማስኬ በላብ ፊቴ ላይ ተለጥፎ፣ በእሁድ ምሳ ግርግር መሀል። መርዶ እንዲህ ይነገራል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚያረዱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ገና ሳይነጋ ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ፣ ወገብ የሚይዝ ሰው ከጎን ያቆማሉ። እኔን ግን ያረዳችኝ አንዲት ደንበኛ ናት፤ ያውም ሆሳዕና የሚባል ከተማ መኖሩን ሰምታ የማታውቅ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በመጀመሪያ ልንገራችሁ። ስሜ ጽጌ ነው። ጆሃንስበርግ የመጣሁት የአክስቴ ልጅ ኤልያስ ጠርቶኝ ነው። ኤልያስ ክሊፕታውን ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለው፤ የምንኖረው ግን ትሮይቪል ነው፣ የሀገር ልጆች ክፍል ክፍሉን ተከራይተው በሚኖሩበት አንድ አሮጌ ግቢ። መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ አብሬው ሠራሁ። ሽጉጥ የያዙ ሰዎች ገብተው ከዘረፉን በኋላ ግን በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ከልብሱ ጀርባ መደበቅ ጀመርኩ። ኤልያስም "አንቺ ሱቅ አይሆንልሽም" ብሎ ከጋሽ መኮንን ጋር አገናኘኝ።

ጋሽ መኮንን የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ከተማው ሰሜን በኩል ሬስቶራንት አለው። የሀገራችን ምግብም፣ ጥብሱም፣ ሩዙም አለ፤ ነጩም፣ ህንዱም፣ ጥቁሩም ይመጣል። እኔን "ልጄ" እያለ ነው የሚጠራኝ። የጥገኝነት ወረቀቴን ሳሳድስ የሥራ ደብዳቤ የጻፈልኝ እሱ ነው። ሲያመኝ በራሱ መኪና ክሊኒክ ወስዶኛል። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ውስጥ አባት የሚለውን ቦታ ይዞ ነበር።

ደመወዝ የሚባል ነገር ግን አልነበረንም። አስተናጋጆች የምንኖረው በቲፕ ነበር፤ ደንበኛው ወዶ በሚሰጠን። ብዙ ሰው ሆነው ለሚመጡ ብቻ ሂሳቡ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ይጨመር ነበር፤ እሱ ደግሞ ለቤቱ ነው ተብለናል። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ከተማው ተዘጋ። ያን ጊዜ ያላለፈበት ሰው የለምና ብዙ አልናገርም። ሬስቶራንቱ ለወራት ሰው አያስቀምጥም፤ ትንሽ ቆይቶ በስልክ ትእዛዝ ቤት ለቤት መላክ ሲፈቀድ፣ ጋሽ መኮንንና ወጥ ሠሪው ብርሃኑ ብቻ ገብተው መሥራት ጀመሩ። እኛ አስተናጋጆች እቤት ተቀመጥን። ሰው ካልተቀመጠ ቲፕ የለም፤ ቲፕ ከሌለ እኛ የለንም።

በዚያ ጊዜ ነው ጋሽ መኮንን የልቤ አባት የሆነው። ዓርብ ዓርብ እዚህ "ባኪ" በሚሏት ፒክአፕ መኪናው ላይ የበቆሎ ዱቄት፣ ዘይት፣ ባቄላና ሳሙና ጭኖ ትሮይቪል ይመጣል። መንገድ ላይ ቆሞ ስማችንን ይጠራል። አንቀርብም፤ ከሩቅ ሆነን አጎንብሰን እናመሰግናለን። "ምንም አይደለም፣ የእግዜር ነው" ይላል። እኔ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት፤ እሷም በየማለዳው ስትጸልይ ስሙን መጥራት ጀመረች። "መኮንን የሚባለውን ሰውዬ ባርከው" ትላለች፣ አይታው የማታውቀውን ሰው።

ሬስቶራንቱ ተመልሶ ሲከፈት ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ሰርቪስ ቻርጁ ሁሉም ሂሳብ ላይ፣ ብቻውን መጥቶ ሾርባ በጠጣ ሰው ላይ ሳይቀር መጨመር ጀመረ። ሰው ደግሞ "ሰርቪስ ተጨምሯል" የሚለውን ሲያይ ሌላ ነገር አያስቀምጥም፤ ስለዚህ የታክሲ እንኳን ሳላገኝ የምገባባቸው ቀናት በዙ። ሁለተኛ፣ ታንዲ ተቀጠረች።

ታንዲ የክሊፕታውን ልጅ ናት። ሬስቶራንት ከመምጣቷ በፊት ለዓመታት የሠራችው የመዝናኛ መርከብ ላይ ነው፤ ሰዎች ለሽርሽር ባሕር ላይ የሚከርሙባቸው፣ ፎቅ የሚያካክሉ መርከቦች። ወረርሽኙ ሲመጣ ተሳፋሪዎቹን አወረዱ፤ ሠራተኞቹን ግን የሚቀበል ወደብ ጠፋ፤ በትንሿ ክፍሏ ተዘግታ ባሕር ላይ ከርማ ነው የመጣችው። ገና ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ እየወለወልን ሳለ "ሲሲ"፣ እህቴ፣ ብላ ጠየቀችኝ።

"ሲሲ፣ ይሄ ሰርቪስ ቻርጅ መቼ መቼ ነው የሚከፈለን?"

"አይከፈለንም፤ የቤቱ ነው።"

ጨርቁን አስቀምጣ አየችኝ። "የቤቱ ማለት?"

"የቤቱ ነዋ።"

"ስሚኝ" አለች። "መርከቡ ላይ ተሳፋሪው ወደደም ጠላም በየቀኑ ሂሳቡ ላይ ሰርቪስ ይጨመርበታል። አንዳንዱ ይናደዳል። ሳምንቱን ሙሉ አልጋውን ያነጠፍኩለት፣ ማታ አቅፎኝ ፎቶ የተነሣ ሰው፣ ሊወርድ ሲል ቢሮ ሄዶ 'ይነሣልኝ' ይላል። ያነሡለታል። እንደዚያ ሲያደርጉ ክፍሌ ገብቼ አልቅሼ አውቃለሁ። ነገር ግን ያልተነሣው የእኛ ነበር። የምንኖረው በሱ ነበር። አገልግሎት ያለ አገልጋይ እንዴት ይከፈላል?"

"በእግዜር ይዤሻለሁ፣ ጋሼን እንዳትጠይቂው" አልኳት። ፈራሁ። ያበላንን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኖ ነው የታየኝ። ታንዲም ጨርቁን አንሥታ መወልወሏን ቀጠለች።

ያቺ እሁድ የመጣችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ኤልያስ "ዛሬ በጊዜ ነይ፣ ግቢ ውስጥ ሰው ይሰበሰባል" አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ወደ ታክሲ እየሮጥኩ ነበር። እናቴ ስልኳ ሰሞኑን አይሠራም፤ መብራት ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ አንቲ ሩቃያ ከነቤተሰቧ መጣች። አንቲ ሩቃያ ፎርድስበርግ የምትኖር ህንዳዊት ናት፤ ዕድሜዋ የገፋ፣ ሽቶዋ ከበር የሚሰማ፣ ሁሉንም ሰው "ማይ ጋል"፣ "ማይ ቦይ" የምትል የድሮ ደንበኛችን። ከተማው ከተዘጋ ወዲህ እዚያ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር። የባሏ ልደት ስለሆነ ልጆቿን፣ የልጅ ልጆቿን ሁሉ ይዛ ነው የመጣችው። ጠረጴዛው የእኔ ነበር።

ሩዙን ላስቀምጥ ጎንበስ ስል እጄን ያዘችው። በዚያ ሰው በማይነካካበት ጊዜ።

"ጽጌ፣ ማይ ጋል፣ ሼም" አለች። "ሼም" እዚህ ሀገር ሰው ሲያዝን የሚላት ቃል ናት። "ስለ እናትሽ ሰምቼ በጣም አዘንኩ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ነፍሷን ይማርልሽ።"

ያልሰማሁ መሰለኝ። "ስለ እናቴ?"

"ስለ ማረፏ።"

"ማን... ማን ነገረሽ?"

ፊቷ ላይ ድንጋጤ ወጣ። የያዘችውን እጄን ለቀቀችው። "አለቃሽ ነው እኮ። አላወቅሽም እንዴ?"

ዞር አልኩ። ጋሽ መኮንን ካሽ ሬጅስተሩ ጋ ቆሞ ወደ እኛ ያያል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከዚያ ዓይኑን ሰበረና በኩሽናው በኩል ገባ።

ያ ዓይን መስበር ነው የገደለኝ። እኛ ዘንድ መርዶ የያዘ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ያውቃል ማለት ነው። ለአለቃዋ ንገሩ፣ ሥራ ላይ እንዳትሰማ ብለው ነግረውታል ማለት ነው። ኤልያስ "በጊዜ ነይ" ማለቱ፣ ግቢ ውስጥ የሚሰበሰበው ሰው፣ የእናቴ ስልክ መዘጋት፣ ሁሉም ባንድ ቅጽበት ተገጣጠመልኝ። ሰሃኑ ከእጄ ወደቀ። ሲሰበር ድምፁን አልሰማሁም፤ ሩዙ ጫማዬ ላይ ሲፈስ ሙቀቱ ብቻ ተሰማኝ።

በኩሽናው ሮጬ ገባሁ። "ጋሼስ?" አልኩት ብርሃኑን።

"አሁን በጓሮ ወጣ፣ ከሰል ሊገዛ መሰለኝ።"

የጓሮው በር ክፍት ነው። መኪናው ስትወጣ ኋላዋን አየሁት። ሊነግረኝ አቅም አጥቶ ሸሸ ብዬ አሰብኩ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ አዘንኩለት።

ታንዲ ተከትላኝ መጥታ ነበር። "ምን ሆንሽ?"

"እናቴ ሞታለች።"

አንድም ቃል ሳትጨምር የወገቤን ሽርጥ ፈታች፤ ቦርሳዬን አምጥታ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችው። "ሂጂ። ጠረጴዛዎችሽን እኔ እይዛቸዋለሁ።"

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። የእናቴ ስልክ ዝግ ነው። የወንድሜ የጌቱ ይጠራል፣ አይነሣም። የኤልያስ ይጠራል፣ አይነሣም። አይነሡልኝም አልኩ በልቤ፤ ተነጋግረዋል። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው በዙሉ ቋንቋ የሆነ ነገር አሉኝ፤ ሳይገባኝ አለቀስኩባቸው። ሶፍት ሰጡኝ። እስከምወርድ ድረስ ጉልበቴን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ ያባብሉኝ ነበር።

ስለ እናቴ ያሰብኩት ነገር ይገርማችኋል። ጥርሷን አሰብኩ። አንዱ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፤ ገንዘብ ልኬ እንድታስተክል ቃል ገብቼላት ነበር። ጥርሷን ሳላስተክልላት ሞተች ብዬ ነው መንገዱን ሁሉ ያለቀስኩት።

ትሮይቪል ደርሼ የግቢውን በር ከፈትኩ። ግቢው ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፤ ተራርቆ፣ በየወንበሩ የሀገር ሰው ማስኩን አድርጎ ተቀምጧል። ኤልያስ መሀል ላይ ቆሟል። የሀዘን ቤት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በሩ ላይ ወድቄ እንደ ሀገሬ ጮህኩ። "እማዬ! እማዬ!" እያልኩ መሬቱን መታሁ።

ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። ኤልያስ ሮጦ መጣና "ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ?" ሲለኝ "እማዬ ሞተች፣ ደበቃችሁኝ" አልኩት። እሱ ደግሞ የኔ እናት ያሳደገችው ልጅ ነው። ጭንቅላቱን ይዞ "አክስቴ!" ብሎ ወደቀ። ሌሎቹም እኛን አይተው ማልቀስ ጀመሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አወረዱ። ጎረቤት የሚኖሩት ኮንጎዎች ሳይቀሩ በአጥር ላይ ብቅ ብለው ፊታቸውን ይዘው ቆሙ። ያቺ ጥርሷ የወለቀ ሴትዮ እንዲያ ባለ ለቅሶ በባዕድ አገር ተለቀሰላት።

ሁላችንን ያቆሙን አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ አባ ሎምቤ እንላቸዋለን። እሳቸው አላለቀሱም። እንባዬን እስክጠርግ ጠብቀው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ማነው የነገረሽ?"

"እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ለዚህ አይደል የተሰበሰባችሁት?"

"እኛማ የተሰበሰብነው ለዕቁብ ነው" አሉ።

ኤልያስ ከመሬት ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ እንባና አቧራ ተለውሷል። "ካንቺ ሌላ የነገረኝ የለም፤ ስልኬም ቤት ውስጥ ነው" አለ። "ከየት ሰማሽ?"

"አንዲት ህንዳዊት ደንበኛ ነገረችኝ።"

አባባሉ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሆሳዕና ስለሞተች ሴትዮ የፎርድስበርግ ህንዳዊት፣ ከኤልያስ በፊት እንዴት ልታውቅ ትችላለች? "ጋሽ መኮንን ነው የነገራት" አልኩ። "እሱስ ከማን ሰማ?" አሉ አባ ሎምቤ።

ስልክ መደወል ጀመርን። ሁሉም የሚያውቀው ሰው ጋ ይደውላል፤ ግቢው የቴሌ ቢሮ መሰለ። አንዱን መንደር ሲያገኙ አንዱ ይቋረጣል። እኔ ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ ውኃ ያጠጡኛል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ፀሐይዋ ከአጥሩ ባሻገር ዘቅዘቅ ብላ ነበር፣ የኔ ስልክ ሲጮህ። ጌቱ ነው።

"ምነው እንዲህ ስልኩን አጨናነቃችሁት?" አለ። "ኳስ ሜዳ ነበርኩ።"

"እማዬስ?"

"እማዬ ምን?"

"ስጣትና ድምጿን ልስማ!"

ከዚያ ኮሽታ፣ የዶሮ ድምፅ፣ የእግር ኮቴ። ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ በሀዲይኛ፣ ንዴት ንዴት እያለው። "አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ስልኬ ውኃ ውስጥ ወድቆብኝ ነው፤ ላንቺ ለመንገር አፍሬ..."

የተናገርኩትን አላስታውስም። ኤልያስ ስልኩን ከእጄ ወስዶ "አክስቴ! አክስቴ!" ይላል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ስልኩ ተመልሶ ሲደርሰኝ እናቴ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር "ጋሽ መኮንን ደህና ነው? ዛሬም ጠዋት ስሙን ጠርቼለት ነበር" የሚል ነው።

ደስታው ገና ሳይጠገብ አንድ ጥያቄ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ካልሞተች ማነው የገደላት?

ኤልያስ በመኪናው መልሶ ወሰደኝ። አብረን ሬስቶራንቱ ስንገባ የምሳው ሰው ወጥቷል። አንቲ ሩቃያ ግን ቤተሰቧን አሰናብታ ከባሏ ጋር ብቻዋን ተቀምጣለች። "ይህች ልጅ ደህና መሆኗን ሳላውቅ አልሄድም" ብላ እምቢ ማለቷን ታንዲ ነገረችኝ። ጋሽ መኮንንም ተመልሷል፤ ካሽ ሬጅስተሩ ጀርባ ቆሞ ያልቆሸሸ ብርጭቆ ይወለውላል።

"አንቲ" አልኳት ከመቀመጤ በፊት። "እናቴ በሕይወት አለች። አሁን አነጋገርኳት።"

አንቲ ሩቃያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ባሏን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየመረጠች ተናገረች።

"በሎክዳውኑ ጊዜ በየሳምንቱ ምግብ አዝዤ ነበር። ሚስተር መኮንን በስልክ፣ 'ሰርቪስ ቻርጁ በሙሉ እቤት ለተቀመጡት ልጆቼ ነው የሚሄደው' አለኝ። እኔም በላዩ ላይ እጨምርበት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ፣ 'ጽጌን ታስታውሻታለሽ? እናቷ ሞታባት፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ ሄዳ መቅበር አልቻለችም፤ እቤት ሆና ታለቅሳለች' አለኝ። እኔም አለቀስኩ። ለእህቶቼ ነገርኩ፤ እነሱም ከዚህ ቤት ማዘዝ ጀመሩ። ማይ ጋል፣ አንቺን እያሰብን እኮ ነው ስንከፍል የነበረው።"

ወደ ጋሽ መኮንን ዞርኩ። ብርጭቆውን አስቀምጧል።

"ልጄ፣ ነይ ውስጥ እንነጋገር" አለኝ በአማርኛ።

"እዚሁ ይሁን ጋሼ።"

"ሰው ፊት..."

"እናቴን የገደልካት ሰው ፊት አይደለም እንዴ?"

"አንተ" ብዬ ስጠራው ያቺ የመጀመሪያዬ ናት። እሱም ተሰማው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ቤቱ ሊዘጋ ነበር" አለ። "የሕንፃው ባለቤት ኪራይ ይለኛል፣ ሥጋ ሻጩ ዕዳ ይለኛል። ሰው ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ታሪክ ይፈልጋል። ላንቺ የመጣው ዱቄት፣ ዘይቱ ከየት የመጣ መሰለሽ? ከዚያው እኮ ነው። ለእናንተም ብዬ ነው።"

ታንዲ ኤልያስን በእንግሊዝኛ ምን እንዳለ ጠየቀችው፤ ነገራት። "ስለዚህ የሰጣችሁ ምግብ የራሳችሁ ነበር" አለችኝ ቀስ ብላ። "የተረፈው ደግሞ ለቤቱ።"

ዓርብ ዓርብ መንገድ ላይ ያጎነበስኩት ትዝ አለኝ። ይህ ግን ያን ያህል አላሳመመኝም። ያሳመመኝን ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ታሪክ ካስፈለገ ለምን የራስህን እናት አላልክም? እማማ አዲስ አበባ አሉ አይደል?"

ሲመልስ ፊቱን አላነሣም። "መጀመሪያ እንደዚያ ልል ነበር" አለ። "ከዚያ ፈራሁ። ሟርት ይሆንብኛል ብዬ።"

ኤልያስ ከጎኔ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። እናቴን በየስልኩ ሲቀብራት አልፈራም። የራሱን ግን ፈራላት። ሰው እንዲህ ሊያስብ ይችላል ብሎ የነገረኝ የለም፤ ዛሬም ድረስ በጣም ያስደነገጠኝ ውሸቱ ሳይሆን ያ እውነቱ ነው።

ተነሥቶ መሳቢያውን ከፈተ፤ ብር አፍሶ ዘረጋልኝ። "ያዢ። የቀረሽን ነው፣ ያዢ በቃ።" አልያዝኩም።

"እናቴ ሞታለች ያልካቸውን ሁሉ ደውለህ በሕይወት አለች በላቸው" አልኩት። "እዚሁ፣ እኔ ፊት።"

እንዴት እንዳየኝ ልነግራችሁ አልችልም። ብሩን መስጠት ቀላል ነበር፤ ይህን ግን እንደ ሞት ነው ያየው። "ጽጌ፣ ደንበኞቼ ናቸው፤ ስሜ ይጠፋል" አለ። አንቲ ሩቃያ በአማርኛ የሚባለው ባይገባትም የሚሆነው ገብቷታል። "ሚስተር መኮንን፣ እህቶቼን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ የቀሩትን አንተ ትደውላለህ" አለችው። ደወለ። በስፒከር። "እናቷ... ተሳስቼ ነበር... በሕይወት አለች" ይላል፤ ከወዲያኛው ወገን የሚመጣው ዝምታ ቤቱን ይሞላዋል። አንዲት ነጭ ሴትዮ "ኦ፣ እንዴት ደስ ይላል!" ብላ ከልቧ ስትስቅ፣ ጋሽ መኮንን ስልኩን አጥፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አላባበልኩትም። ላባብለው ግን እጄ ተነሥቶ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እኔ ያን ወር ሳልጨርስ ለቀቅሁ። አንቲ ሩቃያ ሌላ የሚጠይቀው ሰው እንዳታመጣበት ፈርቶ፣ ጋሽ መኮንን ሰርቪስ ቻርጁን ለሠራተኞቹ ማከፋፈል ጀመረ ሲሉ ሰማሁ። ታንዲ መርከቦቹ ሲመለሱ ወደ ባሕሯ ተመለሰች። ብርሃኑ ደግሞ እስከዛሬ አያናግረኝም፤ "ያበላሽን ሰው አዋረድሽ" ይለኛል። ልክ ነው ወይ ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። ዱቄቱ እውነተኛ ዱቄት ነበር። ያኔ ባይመጣልን ኖሮ በረሃብ እንወድቅ ነበር። ግን በስሜ ከሰዎች ኪስ የወጣውን ለእኔው በምጽዋት መልክ ሰጥቶ፣ ምስጋናዬንና የእናቴን ጸሎት የወሰደ ሰው ምን እንደሚባል ስም አላገኘሁለትም። ለእናቴ አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?

ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሂሳባችሁ ላይ "አገልግሎት" የሚል ነገር ተጨምሮ ስታዩ፣ መርከብ ላይም ሁኑ ሬስቶራንት፣ አትናደዱ፤ ግን ከፍዬአለሁ ብላችሁ ተነሥታችሁ አትሂዱ። ያገለገላችሁን ሰው ጠይቁ።

እኔ እጠይቃለሁ። በቅርቡ ፎርድስበርግ ከኤልያስ ጋር ምሳ በልተን ሂሳቡ መጣ፤ ሰርቪስ ተጨምሮበታል። አስተናጋጇን ዝቅ ባለ ድምፅ "ይሄ ለናንተ ይደርሳል?" አልኳት። ባለቤቱ እዚያው ቆሟል። ልጅቷ ፈገግ ብላ "አዎ፣ ይደርሰናል" አለች ጮክ ብላ። ሰሃኑን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ግን፣ ሰውዬው በማያይበት በኩል፣ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ግራና ቀኝ አወዛወዘችው።